የበግ ታፋ ይዘን ወደ ቻይና ምግብ ቤት

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው እኔ ደሳለኝ ነኝ፤ ደባርቅ ላይ የእህል ወፍጮ አለኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በደብር አጸድ ሥር፣ የቀረውን ያነበብሁት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ ጋዜጦች ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ አበበች ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ የተናገረችው ግን ሳምንት ይከተልሃል። ሦስተኛው ታላቅ ወንድሜ አያ ጥጋቡ ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ ሽማግሌ ሆነው ሲቀመጡ የሚከበሩ፣ ሲቀልዱ ደግሞ የሚፈሩ ሰው። አራተኛዋ ጎንደር ሆና የጠበቀችን የበኩር ልጄ ስንዱ ናት። አምስተኛዋ የስንዱ አሠሪ፣ የሰፈሩ ሰው እትዬ ሜይ የሚላት ቻይናዊት ናት፤ ወደ አገራችን የመጣችው በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኞች ልታበስል ነበር፤ ካምፑ ሲነሳ እሷ ቀረች።

ስንዱ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃለች። እኔ ቢሮ ስጠብቅላት እሷ ከእትዬ ሜይ ጋር ሊጥ ስትጠቀልል ከረመች። ዝም አልሁ፤ መቸም ልጅነት ነው፣ ይወጣላታል ብዬ። አሁን ግን እትዬ ሜይ ያረጁ እናቷን ለመጦር ወደ አገሯ መመለሷ ነው፤ ምግብ ቤቱን ለስንዱ በኪራይ ልታስረክባት ትፈልጋለች። በዚያው ሳምንት ደግሞ በአበበች ዘመድ በኩል ለስንዱ የባንክ ሥራ ተገኘ። ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው ሰኞ ነው። ስንዱ ስልክ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ መጥተው ከእጄ ቀምሰው ካልመረቁኝ አልፈርምም። አይሆንም ካሉም ባንክ እገባለሁ፤ አልቀየምም።»

አልቀየምም የሚል ሰው ቢቀየም ምን ያህል እንደሚከፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ሄድን።

ንጋት፣ ደባርቅ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለ ቅዳሜ ነው። ጾም የለም፤ ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። መናኸሪያው ውስጥ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ከአፍ የሚወጣ ጉም፣ የገብስ ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ገና አልሟሟም።

በእጄ ዘንቢል ይዣለሁ። በዘንቢሉ ውስጥ ትናንት ማታ በእጄ፣ በስመ ሥላሴ ያረድሁት በግ ታፋ አለ።

ይህን ለምን እንዳደረግሁ ላስረዳ። እኛ ክርስቲያን ያላረደውን ሥጋ አንበላም፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ነው። የማንንም ሃይማኖት አልነቅፍም። ነገር ግን ወጥ ቢሆን ሥጋው በዓይን ይታያል፣ ጥብስ ቢሆን ይታያል። ዲምሰም የሚሉት ይህ የቻይና ምግብ፣ ስንዱ እንደነገረችኝ፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ጉርሻ ጉርሻ የሚያህል ነገር ነው። የተጠቀለለ ነገር ውስጡ አይታይም። እኔ ደግሞ ያላየሁትን አልፈርምም፣ ያላየሁትን አልበላም። ሥጋውን እኔ ባቀርብ፣ መጠቅለሉን ልጄ ብትጠቀልል፣ ሁሉም ይስማማል ብዬ አሰብሁ። አስተዋይ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ሾፌራችን የሽዋስ፣ ዳባትና አምባ ጊዮርጊስ ላሉ ባልደረቦቹ ደወለ። መንገዱ ክፍት ነው፣ ሰላም ነው አሉት። በዘመናችን ሰው መንገድ ከመጀመሩ በፊት እግዚአብሔርንም ስልክንም ይጠይቃል። ታሪፉ ለአንድ ሰው ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ነው።

የሽዋስ ሦስታችንንም የክት ልብሳችንን ለብሰን ሲያየን ሠርግ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ቻይና ልንሄድ ነው» አሉት አያ ጥጋቡ።

«በዚህች ማኪና?»

«ምነው? ጎማዋ ሸጋ አይደለም? ለምሳ ታደርሰናለህ።»

ማኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ዘንቢሉን ጉልበቴ ላይ አስተካከልሁ።

ረፋድ፣ ኮሶዬ

ዳባትን አለፍን። ገብሱ ታጭዷል፤ አውድማው ላይ ጭድ፣ ነዶ፣ በሬዎች። ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጣሪያው የሚነሳ ጢስ። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቶ የሽዋስ ጥሩንባውን እየነፋ በሰው መካከል ዋኘ። ከዚያ ኮሶዬ ላይ ለቁርስ ቆምን።

ኮሶዬ ብርድ ነው፤ ግን ደስ የሚል ብርድ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ መሬቱ ተቆርጦ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥር ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ በጉም የተከበበ ሌላ ተራራ። እንቁላል ፍርፍር በዳቦና ሻይ አዘዝን። ሻዩ ውስጥ ጦስኝ አለበት። ዋጋው ሲጠራ ጥቂት ደነገጥሁ፤ ዳቦው ግን በአግባቡ የተፈጨ ስንዴ ነበር፣ የዱቄት ነገር አላጣውም። ለጥሩ ሥራ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም፤ የሚቆጨው ለሰነፍ የሚከፈለው ነው።

ባለቤቴ አበበች ሻይዋን ጨርሳ ዘንቢሉን ትመለከት ጀመር።

«የስንዱ አባት» አለችኝ፣ «ይህ ታፋ ለልጅህ ስጦታ ነው ወይስ ክስ?»

ጥንቃቄ ነው አልኋት። አያ ጥጋቡ ወደ ሸለቆው ዞር ብለው ጉሙን ማየት ያዙ፤ እሳቸው ተፈጥሮ የሚያደንቁት ሳቅ ሲይዛቸው ነው።

ከኮሶዬ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ አየሩም ይሞቃል፤ ጋቢያችንን አወለቅን። ወለቃ ላይ በመንገዱ ዳር ጥቋቁር የሸክላ ሥራዎች ተደርድረዋል፤ ጀበና፣ ድስት፣ ትንንሽ አንበሶች። የሽዋስ አልቆመም፤ መንገደኛው ሁሉ ጎንደር ጎንደር ይላል።

ቀትር፣ ጎንደር

ፒያሳ ላይ የጥምቀት ባንዲራዎች ገና አልወረዱም። ባጃጅ፣ የጫማ መደብር፣ የፋርማሲ ሰሌዳ፣ ጭማቂ ቤት፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ ቦርሳ ያነገቱ ተማሪዎች። ከመናኸሪያ በባጃጅ መቶ ሃምሳ ብር ከፍለን ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ካለ አንድ ግቢ ደረስን። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «እውነተኛ የቻይና ዲምሰም» የሚል ሰሌዳ አለ።

ቤቱ ንጹሕ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ቀይ የወረቀት ፋኖሶች፣ የላስቲክ አበባ፣ ዘጠኝ የማይሞሉ ጠረጴዛዎች። በአንዱ መምህር የሚመስል ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጧል፤ በሌላው ሦስት ነርሶች የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ይበላሉ። ስንዱ በሽርጥዋ ወጥታ የሦስታችንንም ጉልበት ሳመች። ከስታለች፤ ክንዶቿ ግን ጠንክረዋል። እትዬ ሜይ በገበያ በተማረችው አማርኛ «አባት፣ ግቡ፣ ግቡ» እያለች ወንበር ሳበችልኝ። አጭር ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ከአበበች የሚገጥም፣ ዓይኗ ሥራ ላይ የሚውል።

ዘንቢሉን ለስንዱ ሰጠኋት። የኛን ድርሻ ከዚህ ሥሪልን፣ ትናንት ማታ በእጄ ያረድሁት ነው አልኋት። ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ነርሶቹ ቀና አሉ። የሚያስተናግደውም ልጅ ባለበት ቆመ።

ስንዱ ዘንቢሉን ከፍታ አየችው። ፊቷ ቀላ።

«አባባ፣ ይህን አላበስለውም።»

ምነው አልኋት።

«ለእርስዎ ብቻ ከዚህ ካበሰልሁ፣ እነዚህ የተቀመጡት ሰዎች እስከ ዛሬ ከእጄ የበሉት ምን ሊባል ነው?» ድምፅዋ አልጨመረም። «ካላመኑኝ አይብሉ። እኔም ሰኞ አልፈርምም፣ ባንክ እገባለሁ። ይህ ሥጋ ግን ለደንበኛ በማበስልበት ዕቃ ውስጥ አይገባም።»

ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች።

አንባቢ ሆይ፣ ተቆጣሁ። በሰው ፊት ልጄ እምቢ ብላኛለች። ተነስተን እንሂድ ልል ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። አበበች ነጠላዋን አስተካከለች። አያ ጥጋቡ ግን ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«አንተ ደሳለኝ፣ አንድ ሰው ጤፉን ይዞ መጥቶ፣ በፊት የሰው በርበሬ ፈጭተህበታልና ድንጋይህን በፊቴ እጠብልኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

መልሱን ያውቁታል። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ጆንያውን አሸክሜ ነው የምመልሰው። ለበርበሬ የተለየ ወፍጮ አለኝ፤ ይህን የማያምን ሌላ ወፍጮ ይፈልግ እላለሁ። አንዲት መበለትን ሳይቀር እንዲህ ብዬ መልሻለሁ።

«ታዲያ የሷ ወፍጮ ድስት ስለሆነ ነው የማትታመን?» አሉኝ።

ሰው በገዛ ሚዛኑ ሲመዘን ቅሬታ የለውም፤ ወይም ሊኖረው አይገባም። እኔ ቅሬታ ነበረኝ። ግን አንድ ነገር አሰብሁ። እኔ ድንጋዬን አላጥብም፤ ሆኖም ቆሞ ማየት የፈለገን ሰው ከልክዬ አላውቅም። ተነሣሁና ወደ ማብሰያ ቤቱ ሄድሁ። በኛ አገር ወንድ ጓዳ አይገባም፤ እኔም በቤቴ ገብቼ አላውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ስንዱን ጠራኋት።

«ሥጋው ይቅር። ሥራሽን ግን ቆሜ ልይ።»

«ይህማ መብትዎ ነው» አለች። «ይግቡ። መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ።»

ከሰዓት፣ ማብሰያ ቤት

ሙቀትና እንፋሎት። ክዳን ያላቸው፣ ወንፊት የመሰሉ ክብ የቀርከሃ ዕቃዎች እርስ በርስ ተደራርበው ከታላቅ ድስት አፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ውሃው ከሥር ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሁሉም ውስጥ አልፎ ይወጣል። በአንድ በኩል ያሉት ዕቃዎች አረንጓዴ ክር ታስሮባቸዋል። እነዚህ የጾም ናቸው፣ ቢላዋቸውም ጣውላቸውም ለብቻ ነው አለችኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ከነሱ ውጭ ምንም አይነሣም።

እኔም የመጣሁበትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ አልራራሁላትም። ሥጋው ከወዴት ነው? በሩ ላይ መስቀል ካለበት ልኳንዳ። ሙስሊም ደንበኛ ሲመጣስ? የማን እርድ እንደሆነ ሳይጠይቅ እንነግረዋለን፣ ዓሣውንና አትክልቱን ያዛል። አሳማስ? እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እትዬ ሜይ ሲያምራት አዲስ አበባ ሄዳ ትበላለች። የምትደብቀው ነገር ቢኖር ቃሏ ይደናቀፍ ነበር። እየመለሰችልኝ እጇ ሥራ አላቆመም፤ ክብ ሊጥ በመዳፏ ታስቀምጣለች፣ መሐሉ ላይ የተከተፈ በግ በዝንጅብልና በቀይ ሽንኩርት ታደርጋለች፣ ጠርዙን በጣቶቿ እያጠፈች እያጠፈች ትዘጋለች። እጥፋቱ ሁሉ እኩል ነው።

ከሌላ ሳህን ላይ ግን እንደ መስታወት የሚያሳይ ሊጥ አየሁ። በጣቴ ነካሁት፣ አሸሁት። ስንዴ አይደለም፤ ገብስም አይደለም። ስንት ዓመት ዱቄት ስዳስስ የኖርሁ ሰው አላወቅሁትም።

«ከደባርቅ ድንች ነው» አለችኝ። ድንቹን ፈቅፍቃ፣ በውሃ አጥባ፣ ውሃው ሲረጋ ከሥር የሚቀረውን ነጭ ዱቄት ታደርቀዋለች። እትዬ ሜይ ከአገሯ ታስመጣ የነበረው ዱቄት ሲወደድ ይህን መላ ያመጣችው ስንዱ ናት። የኛ ድንች ከሌላው ድንች ይልቅ እንደሚረጋ ስትነግረኝ ደረቴ ትንሽ ሞቀ። ለሷ ግን ደህና ነው ብቻ አልኋት።

ወጥቼ ተቀመጥሁ። ይምጣ አልሁ።

መጣ። በየዕቃው አራት አራት፦ በግ፣ የጣና ዓሣ፣ ጎመን በእንጉዳይ፣ ካሮት በሚያሳየው ሊጥ ውስጥ እንደ ፀሐይ መውጫ የቀላበት። ጥቁር ጨዋማ መረቅ በትንሽ ጽዋ። ሁለት ሁለት ቀጫጭን እንጨት ተሰጠን፤ አያ ጥጋቡ እንጨቱን ለጥርስ መፋቂያነት ወፍራም ነው ብለው መለሱት። በእጃችን በላን። እትዬ ሜይም ስንዱም አብረውን ተቀመጡ፤ ለእትዬ ሜይ የራሷ ዕቃ ቀረበላት፣ ሲከፈት የዶሮ እግር ነው፣ ከነጥፍሩ የተቀቀለ። እኛ የምንጥለው።

አያ ጥጋቡ አጎንብሰው አዩት። «ይህች ዶሮ ምን አጥፍታ ነው እግሯ ብቻ የተያዘ?» አሉ። ስንዱ ስታስረዳት እትዬ ሜይ እስክታለቅስ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ስንዱ በእጇ አጎረሰችኝ። ጉርሻ ነውና አፌን ከፍቼ ተቀበልሁ። ነከስሁት፤ ውስጡ ያለው የፈላ መረቅ ምላሴን አቃጠለኝ፣ ዓይኔ እንባ አዘለ። መትፋት ነውር ነው፤ ዋጥሁት። «ልጅሽ አስለቀሰችኝ» እንዳልል አበበች ቀድማ ውሃ አቀበለችኝ። ውጭው ለስላሳ የሆነ ነገር ሁሉ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መገመት ስህተት እንደሆነ ለወጣቶች እመክራለሁ። ምግቡን ብትጠይቁኝ፦ ዓሣው ለኔ ጣዕም የለውም። ጎመኑ ጥሩ ነው። በጉ በጣም ጥሩ ነው። ሊጡ ስስ ሆኖ አይቀደድም፣ ይህም የሚመጣው ሳይሰለቹ ከማሸት ነው። በርበሬ ይጎድለዋል፤ ስንዱ ይህን ስላወቀች ዳጣ አስቀምጣለች።

አንድ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ተናገርሁት። በሩ ላይ «እውነተኛ የቻይና» ትላላችሁ። በጉ የጎንደር፣ ድንቹ የደባርቅ ከሆነ ሰሌዳው ውሸት አይሆንም ወይ? አበበች እግሬን በእግሯ ነካችኝ። እትዬ ሜይ ግን ጥያቄውን በክብር ተቀበለችው።

«እኔ አገር፣ ባሕር አጠገብ ያለ ሰው የባሕር ነገር ይጠቀልላል» አለች። «ተራራ ያለ ሰው በግ ይጠቀልላል። እውነተኛ» ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች፣ «ይህ ነው።»

ጥሩ መልስ ነው። እኔ ግን በግማሽ ነው የረካሁት፤ መንገደኛ የሚያነበው ሰሌዳውን እንጂ እጇን አይደለም። ለስንዱ እንዲህ አልኋት፦ የምትፈርሚ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ሰሌዳ አስተካክዪ። የቻይና አሠራር፣ የጎንደር በግ፣ የደባርቅ ድንች በዪ። ሰው እውነቱን አውቆ ይግባ።

ስንዱ እጇን ከሳህኑ አነሳች። «የምትፈርሚ ከሆነ» ያልሁትን ሰምታለች።

«አባባ፣ ይመርቁኛል?»

ቆምሁ። አያ ጥጋቡም ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መምህሩና ነርሶቹ መብላታቸውን አቆሙ። እጅሽ ይባረክ፣ እሳትሽ አይጥፋ፣ የበላ ይጥገብ፣ ያልከፈለ አይውጣ፣ ከሚዛንሽ አትጉደዪ፣ ሰው ከእጅሽ በልቶ አይታመም፣ አገሯ የምትሄደውም እናቷን በሕይወት ታግኛት አልሁ። አሜን አሉ፤ ነርሶቹም አብረው። ስንዱ ጉልበቴ ላይ ተደፋች፤ አበበች ደግሞ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ታፋውን ስንዱ ማታ በቤቷ ልትቀቅለው ለራሷ ወሰደች፤ ስጦታ ሲሆን እቀበላለሁ አለችኝ።

ሒሳብ ስጠይቅ የሚያስተናግደው ልጅ ወደ ስንዱ አየ። ከእርስዎ አልቀበልም አለች።

«ሥራ ነው ብለሽ ነው የጠራሽን» አልኋት። «ያልከፈለ አይውጣ ብዬ መርቄ እኔው ሳልከፍል ልውጣ? ስጪኝ።»

ከልጄ ጋር አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ እንደማንኛውም ደንበኛ ሒሳቡን ሠርታ፣ ደረሰኝ ቆርጣ፣ መልሴን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አያ ጥጋቡ ለጎን ጠረጴዛው መምህር «ሲያርድ እንጂ ሲከፍል አይቼው አላውቅም ነበር» አሉት።

ምሽት፣ ደባርቅ

በሌላ ማኪና ተመለስን። አበበች ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ተኛች፤ በትዳር ዘመናችን በሰው ፊት ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው፣ እኔም አልቀሰቀስኋት። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገበያው ተበትኖ መንገዱ ባዶ ሆኗል። ደባርቅ ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን። ሰኞ ጠዋት ስንዱ ደውላ ፈርሜያለሁ አለችኝ። ባንኩንም ራሷ ደውላ አመስግና ነግራቸዋለች፤ እንዲህ ነው ሥርዓት ያለው ሰው።

ወጪውን የሚጠይቅ አንባቢ ስለማይጠፋ ልናገር። የሦስታችን የማኪና የደርሶ መልስ ሁለት ሺህ አንድ መቶ፣ ባጃጅ በመሄድና በመመለስ ሦስት መቶ፣ የኮሶዬ ቁርስ አራት መቶ ሃያ፣ ዲምሰሙ ከነሻዩ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ፣ ሰሌዳውን ያስቀየርሁ እኔ ስለሆንሁ ለቀለም ቀቢው የተውሁት ስምንት መቶ። በጉ የቤት ነው፣ አልቆጠርሁትም። ለአምስታችን በጠቅላላው ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ብር።